መናፍስቱ ገበሩ ላይ ናቸው

ጢሞ ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

ዳይስ እየጣልን ተረት በምንፈጥርበት ጨዋታችን የመናፍስቱን ዓለም አንተ «ላይኛው ሰማይ»፣ እኔ «ታችኛው ምድር» እያልን ተኮራርፈን ቀረን አይደል? ሁለታችንም ተሳስተናል! እዚህ በመጣሁበት ከተማም ይጫወቱታል፤ ጨዋታውን የሚመራው ልብስ ሰፊ ነው። ስጠይቀው ኮቱን አውልቆ ገለበጠውና፣ «ውጪው እኛ ያለንበት ዓለም ነው፤ መናፍስቱ ገበሩ ላይ ናቸው። ሩቅ እንዳይመስሉህ፣ ጀርባህ ላይ ተለጥፈዋል» አለኝ። የጨዋታው ጠንቋይ ዕቃውን የሚደብቅባትን ትንሿን ዓለም ደግሞ «ኪስ» ይላታል። እኛ እናንተ ቤት ሳሎን ዓመት ሙሉ የተነታረክንበትን እሱ በአንድ ኮት ገላገለን! በቃ፣ ቃሉ «ገበር» ነው፤ ደብተራችን ላይ ጻፈውና ዳይሱን አቧራውን ጥረግለት።

እማማን ሳምልኝ፤ እህትህንም። ቦታ አለቀብኝ። ስናፍቅህ ይሄን ፖስት ካርድ ገልብጠው፤ ፎቶው ውጪው ነው፣ እኔ ገበሩ ላይ ነኝ።