መስኮቱ ስለማይከፈተው የቅዳሜ ቫን

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ኦገስት 1996

ለተከበሩ ሐጂ አብዱልናስር፣ የልጆች ትምህርት ኮሚቴ ሊቀመንበር

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ንጹሕ አየር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሃቫና ስትሪት ባሉት የሀበሻ ሱቆች በር ላይ የለጠፍኩት ስልክዎን ማጨናነቅ ስለከበደኝ ነው፤ ደጋግሜ ደውዬ ኢንሻአላህ ይታያል ተብያለሁና።

በመጀመሪያ ምስጋና። ልጆቻችንን ከሞንትቤሎ ሰፈር ወደ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ የሚያመጣው ቫን ኤሲው አላቀዘቅዝ ሲል ኮሚቴው ፍሪዮን የሚባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ አስሞልቶልናል። ቅዝቃዜው እንዳይባክንም የውጭ አየር ማስገቢያው እንዲዘጋ፣ መስኮትም ማንም እንዳይነካ አዝዛችኋል። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

1. የቫኑ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ተቀዷል። ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ባለፈው ቅዳሜ አብሬ ተሳፍሬ ቀምሼዋለሁ። መስኮት ብከፍት አጃቢዋ እትዬ ሩዋይዳ ልጆቹን ንፋስ ይመታቸዋል ብለው፣ በዚያ ሐሩር፣ መልሰው ዘጉት፤ የቀረችውንም ስንጥቅ በሻርፓቸው ደፈኑልኝ። ከአዲስ አበባ ታክሲ ጀምሮ ስንሸሸው የኖርነው ንፋስ ኮሎራዶ ድረስ ተከትሎን መጥቷል፣ ጉድ እኮ ነው! ጭስ የሚፈራ ግን አንድ ሰው አጣሁ።

2. ልጆቹ ሲደርሱ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስታውካቸዋል። ኮሚቴው ቁርስ ሳይበሉ ስለሚመጡ ነው ብሎ ደርሶበታል። ለምርምሩ እናመሰግናለን።

3. ልጄ ሳዲያ የምትቀመጠው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ያን ዕለት ሁሉም ወርዶ እሷ ቀረች። እትዬ ሩዋይዳ ተኝታለች አሉኝ። ጠራኋት፣ ነቀነቅኋት፤ አልመለሰችም። ተሸክሜ ወደ ውጭ ካወጣኋት በኋላ ነው ዓይኗን የገለጠችው። ሐጂ፣ እርስዎ ግን በማግስቱ ስብሰባ ላይ ልጆቹ በመንገድ ጸጥ ማለታቸውን አሞገሱ፤ ሥነ ምግባራቸው ተሻሽሏል አሉ።

ስለዚህ ቫኑ እስኪጠገን እንዲቆም፣ እኛ ወላጆችም በየመኪናችን እንድናመጣቸው እንዲፈቀድልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ትዕግሥትዎ ከልጆቻችን ዕድሜ እንዳይረዝም በየሶላቱ ዱዓ የሚያደርግልዎ፣

ታናሽዎ ፈሪድ፣ የሳዲያ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጅ ልጅዎ አፍናን የፊታችን ቅዳሜ ትምህርት ትጀምራለች ሲባል ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎ። ሳዲያ ስለማትመጣ የኋላው ወንበር ክፍት ነው። ቫኑ ሲደርስ ግን እርስዎ ራስዎ በሩ ላይ ይቁሙ፤ በእግሯ ላትወርድ ትችላለችና።