ፎገራ ላይ ድንጋይ ፍለጋ

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ክፍሉ በሞላ ተንበረከከ። ቲቸር የኔነህ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አንዱ ጠመኔ ወረወረበት። ማን እንደሆነ አልተናገርንም... ሁላችሁም ተንበርከኩ! ትናንት ያስተማረን ምን ነበር? «ልክና ስህተት የሚባለው ሰው የተስማማበት ነው፤ ከአገር አገር ይለያያል።» እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ እኛ አገር ጠመኔ መወርወር ስህተት አይደለም። ተስማምተንበታል።»

ሳቁ! አስወጣኝ። ጉልበቴ አረፈ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሽማግሌዎች ቤታችን ዋሉ። ጋቢ፣ ጭራ፣ አረቄ። ገና ሳይቀመጡ ዝንብ ማባረር። የሌለውንም ዝንብ።

ነገሩ የደም ነው። አያቴ፣ እኔ ሳልወለድ፣ በድንበር ተጣልቶ የእማማ ጸሐይነሽን ባል ገደለ። እስር ቤት ሞተ። አሁን የሟች የልጅ ልጅ ባየህ አደገ። «የአያቴን ደም ሳልመልስ ሚስት አላገባም» አለ አሉ። የሚመልሰው ማን ላይ ነው? ወንድሜ ሲሳይ ላይ። ሲሳይ ከፋሲካ ወዲህ ወረታ አልወጣም። ባጃጁ ግቢ ቆሞ ዶሮ ያድርበታል።

ስለዚህ እርቅ። የገዳይ ወገን ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሟች ቤት ይሄዳል። ማን ይሸከም?

«ወንድ አንገቱን ደፍቶ ቢቀርብ ባየህ እጁን ይበላዋል» አሉ መምሬ ተክለ ሃይማኖት። «ሴት ላይ ግን አያነሳም።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። ልዕልት ብለው ስም ያወጣሉ፣ ከዚያ ድንጋይ ያሸክማሉ።

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ደሙ ነሻ!» አለ አያ ይሄይስ፣ የአያቴ ታናሽ ወንድም። በየሰርጉ «ወንድሜ እንዲህ አርጎ ጣለው» እያለ የሚፎክረው። (እዚህ ማንም አያነብም። አንቱ አልለውም።)

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ተናድጃለሁ። ምሳ እየበላሁም ተናድጃለሁ።

ግንቦት 10፣ እሁድ

መምሬን ከቅዳሴ መልስ ያዝኳቸው።

«አባ፣ የአያቴ ኃጢአት የእኔ ነው?»

«የለም ልጄ። ሁሉም የሚጠየቀው በራሱ ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩ?»

«እሱ ለሰላም ነው።»

«ለሰላም ከሆነ አያ ይሄይስ ይሸከሙታ።»

«እሱን ወገቡን ያመዋል።»

ሰርግ ላይ ሲዘል አያመውም?

ቲቸር እንደሚለው ከሆነ እኮ አያቴ ልክ ነበር። ሰፈሩ ጀግና ብሎታል፣ ተስማምቷል። እማማ ጸሐይነሽ ግን ተስማምተው ነበር? ሟቹስ? ማን ጠየቃቸው... ስህተት ነው። አገር ቢያጨበጭብም ስህተት ነው። ግን የእኔ ስህተት አይደለም!

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ድንጋይ ፈልጊ ተባልኩ። ፎገራ ሜዳ ላይ! ጥቁር አፈር እንጂ ጠጠር የት አለ? አባዬ፦ «ቀለል ያለ ከመንገድ ዳር አምጪ።» አያ ይሄይስ፦ «ብሎኬት አይሆንም?» ለሰው ነፍስ ብሎኬት!

ሩዝ ማሳችን ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት... ድንጋይ። የድንበሩ።

ማታ ስለ ድንጋዩ ሲሳይን ጠየቅሁት። «አያታችን ነዋ ወደ እነሱ የገፋው። ጠቡም በዚያ ተነሳ። ሁሉም ያውቃል።»

«እና እስካሁን እናርሰዋለን?»

«ታዲያ?»

ታዲያ?! የትምህርት ቤት ጫማዬ ከዚያ ሩዝ ነው። ደሙ አይመለከተኝም ስል ከረምኩ፤ ሩዙን ግን ስበላ ኖሬያለሁ። አሁን በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፋኝ።

ግንቦት 17፣ እሁድ

አንገቴ አይዞርም።

በጠዋት ከሲሳይ ጋር ድንጋዩን ነቀልነው። «አባዬ ይገድለናል» አለ። «ወረፋ ይያዝ፣ ባየህ ይቀድመዋል» አልኩት። በነጠላ ጠቅልዬ ተሸከምኩ። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ፣ አባዬና ሲሳይ ከሩቅ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው» ይላሉ... ትንሽ!

እማማ ጸሐይነሽ ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። እሳቸው ወጡ። ነጠላውን ገለጥ አደረጉ።

«የድንበሩን ድንጋይ!» ጮኸ አያ ይሄይስ። «አብዳለች!»

«እንዴ፣ አወቁት?» አልኩት።

እማማ ጸሐይነሽ ድንጋዩን ዳሰሱት። «ከባሌ ጋር ከዋንዛዬ በአህያ ጭነን ያመጣነው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ምን ይቅር ልበልሽ? ነይ፣ ቦታውን ላሳይሽ።»

በማሳው መሀል ሄድን። ትንሽ እንደተራመድኩ ክብደቱ ከአንገቴ ተነሳ። ባየህ።

«አምጪ፣ አንገትሽ ይሰበራል።»

እማማ ጸሐይነሽ የዛሬ ስንት ዓመቱን ጉድጓድ በእግራቸው ጠቆሙት። ከድሮው ቦይ አጠገብ። ባየህ አስቀመጠው። መምሬ ጸሎት ጀመሩ። ባየህና ሲሳይ መስቀሉን ተሳለሙ። አባዬ መሬት መሬት ያያል። የኛ ማሳ በቀጭኑ ተቀንሷል።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ዝናቡ ገብቷል። አባዬ እስካሁን አያናግረኝም። አያ ይሄይስ ቤታችን መምጣት አቁሟል (ይህቺ እንኳ ጥሩ ናት)። ጫማዬ ተቀደደ፣ «ዘንድሮ አይገዛም» ተብያለሁ። ይሁን... አይሁን! ያናድዳል።

ሲሳይ ዶሮዎቹን አባሮ ባጃጁን አስነሳ። ወረታ ነው የዋለው።

ምሳ ይዤ ማሳ ወረድኩ። አባዬ ለሩዙ እያረሰ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ እኔን አላየም። በሜዳው ላይ ሌላ ሰው የለም። እነ ባየህ እንኳ ገና አልወጡም። ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ቆመ። ማዶ ያለውን፣ ስንት ዓመት ያረሰውን መሬት አየው... ብዙ አየው።

ከዚያ በሬዎቹን አዞረ።