ሦስት ክንድ ስለ ጨመራችሁላት ልጄ

ሽንፋ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የቆላው ወረዳዎች የስፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የቆላው ሙቀትና ወባው ሳይደፍርዎት፣ በተለይም ፊርማ የሚያኖሩበት ቀኝ ትከሻዎ በደህና ከፍ ዝቅ እያለልዎት እንደሚገኝ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ በሽንፋ ማሽላና ሰሊጥ የማርስ ደሞዝ ፈንቴ የተባልሁ ገበሬ ስሆን፣ የጦር ወርዋሪዋ የአይናዲስ አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሸሕዲ አውቶቡስ መቆሚያ ግድግዳ ላይ የለጠፍሁት፣ ለብቻዎ ብልክልዎ ትሕትናዎ ምስጋናዬን መሳቢያ ውስጥ ይደብቀዋል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው።

እንደሚያውቁት አይናዲስ ማሽላው በሚያፈራበት ወራት ሁሉ ማማ ላይ ቆማ ግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ስታባርር ያደገች ልጅ ናት። አወራወሯን ያስተማራት የለም። አምና የወጣቶች ማኅበሩ የአብዮቱን በዓል ሲያከብር የቀርከሃ ጦር ቢሰጧት ወንዶቹን ሁሉ በልጣ ስለ ወረወረች፣ ጽሕፈት ቤትዎ አሰልጣኝ ጓድ ሸጋውን ከነሜትራቸውና ከነሰዓታቸው ላከልን። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ/ ስለ ሳይንሱ አመሰግናለሁ። ጓድ ሸጋው ልጄ ጦሩን የምትወረውረው በወንጭፍ ልማድ መሆኑን አይተው፣ አወራወሩ ኋላ ቀር ነው አሉ። ክርኗን ከጆሮዋ በላይ አስነሡ፣ እግሯ የሚያርፍበትን በኖራ አሰመሩ፣ ጦሩ ከእጇ የሚለቅበትንም ማዕዘን ከእንጨት ባበጁት መለኪያ ለኩ። ሐቁን ለመናገር ሠራ፤ ጦሩ ራቀ። ሜዳው ዳር ቆሜ ያጨበጨብሁት እጄ እስኪግል ድረስ ነበር፤ የልጅ ነገር ነውና ደስ ብሎኝ ነበር።

፪ኛ/ ስለ ሠንጠረዡ የማመሰግንበት ቃል ያጥረኛል። ጓድ ሸጋው በወጣቶች ማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ወረቀት ለጥፈው የያንዳንዱን ቀን ውርወራ በቀይ መስመር ያሰፍሩበት ነበር። መስመሩ እንዲወጣ እንጂ እንዲወርድ አልተፈቀደለትም፤ የዓመቱ ዕቅድ በመቶኛ ተሰልቶ ወደ የበላይ አካል ሄዷልና። መስመሩ ከፍ ያለ ዕለት ሳይቀዘቅዝ ተብሎ ውርወራ ይጨመራል፤ ዝቅ ያለ ዕለት ደግሞ እስኪቃና ድረስ ይጨመራል። ወረቀቱ ለነፋሱ፣ ለጦሩ ክብደት፣ ለልጄ ቁመት ሳይቀር ዓምድ ተሰምሮለታል። ለሕመም ግን ዓምድ አልነበረውም። አይናዲስ ትከሻዬን ይወጋኛል ባለች ጊዜ ጓድ ሸጋው ወደ ወረቀቱ ዞረው አጥንተው፣ ቁጥሩ ጤነኛ መሆኑን ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስለ ሕመሟ ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኛም ጭምር።

፫ኛ/ ስለ ክንዱ። በገበሬ ማኅበራችን ስብሰባ ጓድ ሸጋው፣ ሜትር ለማይገባን አዝነው ውጤቱን በእኛው መለኪያ መልሰው፣ ለአይናዲስ ሦስት ክንድ ጨመርንላት ብለው አበሠሩን። እልልታው ቀለጠ። ጎረቤታችን እማማ አየሁሽ ግን ጆሯቸው የደከመ፣ የመንግሥትንም ሥራ ከቶ የማይጠራጠሩ አሮጊት ናቸውና፣ ልጅቱ እውነተኛ ክንድ የተቀጠለላት መሰላቸው። በማግስቱ ቤታችን ድረስ መጥተው ነጠላዋን ገለጥ አድርገው፣ «እስቲ ልይልሽ ልጀ፣ ወዴት ላይ ቀጠሉልሽ?» እያሉ ትከሻዋን ዳበሱ። እኛ በሳቅ ስንፈርስ ልጅቱ ጮኸች። እናቷ ታንጉት ደንግጣ ቀሚሷን ዝቅ አድርጋ ብታይ፣ ትከሻዋ አብጦ ቅል አክሏል። ስለምን ደበቅሽን ብንላት፣ መስመሩ ይወርድብኛል ብዬ አለች። ጓድ ሆይ፣ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ይህን ቃል ግን ከልጄ አፍ መስማት አልቻልሁትም።

፬ኛ/ ይህኛው እርስዎን አይመለከትም፤ ሚዛን ላለማጉደል ብቻ ነው የማነሣው። የሽንፋው ወጌሻ አዛናው ትከሻዋን ጎትቶ ይብሱን አባባሰው። በልጄ ትከሻ ላይ ሳይንሱም ባህሉም እኩል ተሳትፈዋል ማለት ነው።

ዛሬ አይናዲስ ቀኝ እጇን ከደረቷ በላይ ማንሣት አትችልም። ፀጉሯን የምታበጥርላት እናቷ ናት። ማማው ላይ በእሷ ፈንታ እኔ ወጥቼ ወንጭፍ ባዞር፣ ድንጋዬ ከጎረቤት ማሳ እያረፈ ሰው አስቀይሜያለሁ፤ ግሪሳውም ንቆኝ ይበላል። እሷ ከማማው ሥር ተቀምጣ፣ አወራወሬን እያየች አንገቷን ታዞራለች። የማሽላው ነገር ቢቆጨኝም አያስጨንቀኝም፤ ማሽላ በሚመጣው ክረምት ይዘራል። የሚያስጨንቀኝ ገና ጎጆ ያልወጣች ልጄ በአንድ እጅ ምን ይዛ እንደምትኖር ነው።

ይህ ሁሉ ሳለ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰን ትእዛዝ አይናዲስ ለኅዳሩ የጎንደር ውድድር መቅረብ እንዳለባት፣ የምትወረውረውም ርቀት በሠንጠረዡ አካሄድ ተሰልቶ ከወዲሁ መታወቁ ተገልጾልናል። እሷ ሳትወረውር ጦሩ የሚያርፍበት ከታወቀ፣ ልጅቱን በዚህ አቧራ ማንገላታት ስለምን ያስፈልጋል? ቁጥሩን ይላኩት፤ ቁጥሩ ይወዳደር፤ ሜዳሊያውም ለቁጥሩ ይንጠልጠልለት። ልጄን ግን ለውድድር አልሰጥም። ሊወስዳት የተመደበው መኪና ወደ ሐኪም የሚያደርሳት ከሆነ፣ በየትኛውም ሰዓት ቢመጣ ከነስንቋ ደጃፍ ላይ ያገኛታል።

ክንድዎ ሳይዝል፣ ዕቅድዎ ሳይጓደል፣ ቀይ መስመርዎም ሰማይ እስኪነካ ድረስ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ከቤተሰባችን እጅ ማንሣት የምንችል እስካለን ድረስ።

ታዛዥዎ
ደሞዝ ፈንቴ

ግልባጭ፦
ለአሰልጣኝ ጓድ ሸጋው
ለግድግዳው ሠንጠረዥ (ባዶ ዓምድ ከተገኘለት)

ማሳሰቢያ፦ ክንድ የተባለው መለኪያ እንጂ የሰው ክንድ አለመሆኑን ለእማማ አየሁሽ ደጋግመን ብናስረዳም አልተቀበሉንም። መንግሥት ሦስት ክንድ ከሰጣት፣ ሦስቱንም ይውሰድና የራሷን አንዱን ይመልስላት ብለው ይህን እንድጽፍልዎ አዘውኛል። መልስ ካለዎት እርስዎው ይጻፉላቸው።