ባሌን ልጄ አድርገው ለመዘገቡት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ ጓድ አራጌ አልታዬ፣
የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤
መካነ ሰላም ዙሪያ፣
ግንቦት 1978 ዓ.ም.

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎ፣ ለበሬዎችዎና ከጎንዎ ለማይለየው ማኅተምዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ መልአኩ አጥናፉ ግን ከሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ የእህል መጋዘን ተቆልፎበት የሐሙሱን የውትድርና መኪና ይጠብቃል። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍሁት፣ ብቻዎን የማንበብ ድካም እንዳይበዛብዎ አስቤ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ከሦስት ዓመት በፊት በእርከን ሥራ ባልቴቶችን ከጎረምሶች ጋር እያጣመሩ ሲመድቡ፣ መልአኩን ለእኔ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። እርሱ ድንጋይ ሲያቀብለኝ፣ እኔም እርሱ የቆሎ ተማሪ ሳለ ያጣመመውን ዳዊት ሳቃናለት ክረምት ገባ። እኔ ሃምሳ አራት፣ እርሱ ሃያ አራት ዓመታችን ነበር፤ ልዩነቱን አገር ሁሉ ስለሚያሰላልኝ እኔ አልደከምሁበትም።

ሁለተኛ፣ በአገራችን ወጣት ቁርባንን ለእርጅናው ያቆየዋል። መልአኩ ግን እንደማይፈታ እያወቀ በቁርባን አገባኝ። እርስዎም በዕለቱ ከጠላዬ ሦስት ዋንጫ ጠጥተው መርቀውናል።

ሦስተኛ፣ የቤተሰብ መዝገብ ሲሞላ ጸሐፊዎ ዕድሜያችንን አይቶ፣ ሳይጠይቅ፣ ከባሌ ስም ፊት «ልጅ» ብሎ ጻፈ። እንዲታረም ብለምን፣ «እማማ፣ ታዲያ ምንዎ እንበለው?» ብለው ሳቁ፤ ስብሰባውም አብሮዎት ሳቀ። ነገሩ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ወደ ቤቴ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን «ላጤ ይቅደም፣ ባለትዳር ይቆይ» ሲባል፣ ባሌ በማኅተም ላጤ ሆኖ ተገኘ። የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ያለ ምጥ ስላዋለዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አራተኛ፣ ትናንት እንደ እናት ፈርሜ እንድሸኘው ወረቀት ላኩልኝ። ብፈርም፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ከልጄ ጋር በአንድ መደብ ተኝቻለሁ ማለት ነው፤ ባልፈርም፣ ወላጅ የሌለው ቦዘኔ ተብሎ ይጫናል። ወረቀቱን ለንስሐ አባቴ አሳየሁ፤ አንብበው፣ አጥፈው፣ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ከእርስዎ ሳቅ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

የመንደሩን ደብዳቤ የማነብ እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ዐምና ከተጫኑት ዘጠኝ ልጆች እስካሁን የማነበው አንድም አልመጣም። እናቶቻቸው ግን አውቶቡስ በገባ ቁጥር ደጄ ቆመው እጄን ያያሉ። 

ስለዚህ ከሐሙስ በፊት «ልጅ» የሚለው ተሰርዞ «ባል» እንዲጻፍና መጋዘኑ እንዲከፈት በትሕትና እለምናለሁ። ቀለም ከጎደለ ከእኔ ዘንድ አለ።

የሥልጣንዎን ርዝመት ከሩቅ ስታደንቅ የኖረች፣
የመልአኩ አጥናፉ ሚስት፣
የዓለምዘርፍ ተረፈ

ማስታወሻ፦ ቢተው የተባለው የሃያ ዓመቱ ልጅዎ በዚያው መዝገብ ባለትዳር ተብሎ መጻፉን ሰምተን ደስ ብሎናል። ሠርጉን የበላ ሰው ግን አላገኘንም። ዘጠኙ እናቶች፣ እርስዎ እናት ካደረጉኝ ዘንድ እኔም ዐሥረኛ ሆኜ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ ሙሽራይቱን ልንመርቅ ደጅዎ እንቆማለን። ሳናያት አንመለስም።