በእናቴ ካርድ ውስጥ የደበቅኩት ገጽ

ለሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ ሰብሳቢ
ደብረ ማርቆስ

ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

አመልካች፦ ወሰንየለሽ ዋኘው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ በሕመም ምክንያት ጡረታ እንድወጣ የተሰጠው ውሳኔ በድጋሚ እንዲታይልኝ እና ከካርዴ ያወጣሁት ገጽ ተመልሶ እንዲያያዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

1. በዚህ ሆስፒታል ካርድ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቦርዱ የካቲት 24 ቀን ባደረገው ስብሰባ «ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ ሕመም» አለባት፣ ለሥራ ብቁ አይደለችም በማለት ከሚያዝያ 30 ጀምሮ እንድሰናበት ወስኗል። ቦርዱ በቀረበለት ማስረጃ ላይ የወሰነው ትክክል ነው። ማስረጃውን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ይህን እስክጽፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁና ነገሬ ቢዘበራረቅ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2. ከስምንት ዓመት በፊት አንድ መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። ስኳርም ግፊትም ነበረብኝ፤ ከካርድ ክፍል ወደ ተመላላሽ ሕክምና የምታወጣዋን ደረጃ ሁለት ጊዜ ሳላርፍ አልጨርሳትም ነበር። እናቴ ወ/ሮ ዘቢደር አንሙት በስኳር ምክንያት አንድ እግራቸው ተቆርጦ፣ በዓመቱ እዚሁ ዐርፈዋል። የእሳቸው ዕጣ እንዳይደርሰኝ ፈርቼ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ጨጓራዬን የሚያሳንስና ምግብ የአንጀቴን የመጀመሪያ ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባ ስድስት ኪሎ ደረስኩ። የስኳር መድኃኒቱ ቆመልኝ፣ ግፊቴም ተስተካከለ። አሁን ሰማንያ አምስት ነኝ። በሕክምናው ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው።

3. ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ለባልደረቦቼ የዓመት ፈቃድ ወስጄ ጠበል ልገባ ነው ብያለሁ። ሆዷን አስቆርጣ መጣች እንዳልባል ነው። ከስቼ ስታይ ሁሉም ጠበሉ ነው አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ጠበሉ ምን አደረገ፣ በስሙ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ወለተ ሐዋርያት ክብደታቸው ጉልበታቸውን ጎድቷቸው ስለነበር፣ የእኔን ሰምተው አርባ ቀን ተጠመቁና እንደሄዱ ተመለሱ። «እምነቴ ጎድሎ ነው፤ እንዳንቺ አይደለሁም» አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

4. ቀጥሎ ጾሙ መጣ። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ማኅበር ላይ ተቀምጦ ሦስት ጉርሻ በልቶ በቃኝ ማለት አይቻልም። በሞቴ፣ በማርያም እየተባለ ይጎረሳል። እኔ ደግሞ ከልኬ ትንሽ ካለፈ ያልበኛል፣ ያጥወለውለኛል፣ ተነሥቼ ወደ ጓሮ መሮጥ ነው። ጾመኛን ግን በሞቴ የሚል የለም። ስለዚህ ጾመኛ ሆንኩ። ረቡዕና ዓርቡን፣ ጽጌውን፣ ነቢያቱን፣ ሁዳዴውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ እውላለሁ፤ ፍስክ ሲገባም ስእለት አለብኝ እያልኩ ሥጋውንም ወተቱንም እንቁላሉንም ተውኩት። ሰው መንፈሳዊት ነች አለኝ። እኔ ከጉርሻ እየሸሸሁ ነበር። ዕድሜ ልክሽን ትወስጃለሽ የተባልኩትን ክኒንና በየሦስት ወሩ የምወጋውን ቫይታሚን ቢ-12 በሁለተኛው ዓመት አቆምኩ። ደህና ነበርኩ፤ መድኃኒት ቤቱም የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋበትም።

5. ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት የሕክምና ማጠቃለያ አንድ ገጽ ነበር። እዚህ ለክትትል ስቀርብ ሐኪሙ ከካርዴ ጋር አያያዙት። በሳምንቱ ነቅዬ አወጣሁት። የሰውን ካርድ ማን ማን ገልጦ እንደሚያነብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጥለው ግን አልቻልኩም፤ ወረቀት በመጠበቅ የምኖር ሰው ነኝ። ከሟቾች መደርደሪያ ሄጄ ማንም በማይከፍተው ካርድ ውስጥ አስገባሁት። ካርዱ የእናቴ ነው።

6. አምና መስከረም እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ሳላውቅ ቢሮ የገባሁበት ቀን አለ። ባልደረባዬ ደብሪቱ መሰላሉን በእኔ ፈንታ ትወጣልኝ ነበር። በዚህ ዓመት ጥር ላይ የሁለት ሕሙማንን ካርድ አቀያይሬ ሰጠሁ፤ መርፌው ሳይሰጥ ነርሷ ደረሰችበት። ሐኪሞቹ ስኳሩንም ሌላውንም መርምረው ምንም አጡ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል ብለው ሲጠይቁኝ የለም አልኩ። ገጹን ያያያዙት ሐኪም ከተዛወሩ ቆይተዋል። ካርዴን ገለጡ፤ ካርዴ ላይም አልነበረም።

7. የቦርዱ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግሥት የእናቴን ካርድ ከፈትኩ። ከሞቱ ወዲህ አንብቤው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እግሬን ያደነዝዘኛል ትላለች» ተብሎ ተጽፏል። እሳቸውን ስኳር ነው ያደነዘዛቸው። እኔ ከስኳሩ አምልጬ እዚያው ቃል ላይ ደረስኩ። መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የራሴን ገጽ አነበብኩት፤ ከግርጌው «ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው» ይላል፣ ከሥሩም ተሰምሮበታል። አዲስ አበባ ደወልኩ። ያነጋገሩኝ ሐኪም ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን ባይቻልም የቢ-12 እጥረት ነርቭንም ማስታወስንም እንደሚጎዳ፣ በመርፌ እንደሚታከም፣ ከዘገየ ግን ሁሉም ላይመለስ እንደሚችል ነገሩኝ። ምን ያህሉ እንደሚመለስልኝ አላውቅም፤ ዕረፍት የነሳኝ ይህ ነው። በየቀኑ የእግሬን ጣቶች በመርፌ ጫፍ እየነካካሁ እቆጥራለሁ።

8. ስለዚህ የደም ምርመራው ተደርጎልኝ ሕክምናው እንዲጀመር፣ ስንብቱም ለስድስት ወር እንዲዘገይና ቦርዱ እንደገና እንዲያየኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ካርድ በእጄ ባላድል እኔም ደስ ይለኛል፤ ሌላ የምሠራው ነገር አይጠፋም። ገጹ ወደ ካርዴ ሲመለስ ማን እንዳወጣው ይጻፍበት። ስለ አድራጎቴ የሚወሰንብኝን ቅጣት እቀበላለሁ። በስድስት ወሩ ለውጥ ካልታየብኝ ዳግመኛ ደጅ አልጠናም። ግን ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ማመልከቻውን ትናንት ለንስሐ አባቴ ለቄስ ኃይለ ሚካኤል አንብቤላቸዋለሁ። «ለታመመማ ሥርዓቱም ይፈቅዳል። ይህን ሁሉ ዓመት መጥተሽ ብትነግሪኝ ማን ይከለክልሽ ነበር?» አሉኝ። ከእሳቸው ዘንድ በቀጥታ ወደ ወ/ሮ ወለተ ሐዋርያት ቤት ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ቄሱ ያሉኝን ጠይቀው ሰሙ፣ በዚያ ጉልበታቸው ተነሡና በሁዳዴ እንቁላል ቀቀሉልኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ ስላሉኝ የላጡልኝም እሳቸው ናቸው። ግማሹን በላሁና በቃኝ አልኩ። በሞቴ አላሉኝም።

ውሳኔዎን ተረጋግቶ መጠበቅ ካቃተው ልብ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ወሰንየለሽ ዋኘው
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሕክምና ማጠቃለያ፣ አንድ ገጽ። የእናቴ ካርድ ወደ ቦታው ተመልሷል።