አባዬ ያስገጠመው ጂፒኤስ

ይድረስ ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፣

አከም ጂርታ? ደምቢዶሎ ተስማማችህ? ያ ጉንፋንስ ለቀቀህ? እኔ እዚሁ ነቀምቴ ዲሽና ቴሌቪዥን ስጠግን እውላለሁ፤ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስልኬን አላነሳ ብትል ነው ጽፌ በሰው እጅ መላኬ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? አንተም ቁርጥ አባትህን ነህ!

የምጽፍልህ ስለ አባዬ ነው። ሰሞኑን ከፊንጫ ደወለልኝ። ያ ወንድምሽ ጀልባው ላይ ይገጠም ሲል የነበረውን ጂፒኤስ ገዝተሽ ነይ አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። እዚህ ሐይቅ ላይ ያረጀሁ ሰው ከሳጥን መንገድ ልጠይቅ ወይ ብሎ ከጀልባው ያወረደህ ሰው እኮ ነው! ተሸነፈ ብዬ ሳቅሁ። ምነው ያን ቀን ባልሳቅሁ።

ሄድኩልህ። እንደምታውቀው የጋቢናው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ መሣሪያውን ከውስጥ ብሞክረው ሳተላይት አልይዝ አለኝ። ጣሪያውን በስቼ አንቴናውን ከላይ አቆምኩ፤ ዝናብ እንዳያስገባም ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩት። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በአፋን ኦሮሞ ይመርቀኛል። ስክሪኑን በስተግራ ላስረው ስል አይሆንም አለ። ወንድምሽ ከመሪው በስተቀኝ ይሁን ብሎ ነበር፣ እሱ ያለው ቦታ እሰሪው አለኝ። እሺ ብዬ አሰርኩት።

ጣሪያውን ስበሳ የነቀልኩትን የባትሪ ገመድ ገና መልሼ አልቀጠልኩም ነበር። መሰርሰሪያዬን ወደ ሻንጣ ስመልስ አባዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለና፣ ወይ ጉድ፣ ሐይቁ እንዳለ ወጥቷል እኮ፣ እንዴት ያምራል አለ። ወንድሜ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነበር።

ምን ልበል? አዎ አባዬ፣ ያምራል አልኩት።

ቅቤ ነጋዴዋን አዴ ድርቤን ነጥዬ ጠየቅኋት። ለካ ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል! እሷ ከፊት ትቀመጥና፣ ተንሳፋፊው ሣር መንገድ ሲዘጋ ወደ ግራ፣ ጉቶ ሲመጣ ወደ ቀኝ እያለች ጨዋታ አስመስላ ትመራዋለች። ዘመኑን ሙሉ ያሻገረን ሰው ነው፣ እንዳያፍር ብለን ነው አለችኝ። ጉም ሲወርድስ ብላት ወደ ቅቤዋ ዞረች። ክረምት ሲገባ ሰው እንደጫነ ከጉቶ ጋር ተላትሞ፣ ለጥቂት ነው የተረፉት አሉ። ማንም አልነገረንም። እኛስ መቼ ጠየቅን?

አባዬን ነቀምቴ ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ብለው፣ ዓይኔ ምን ሆነና ብሎ ተቆጣ። እሺ ጀልባውን ሌላ ሰው ይንዳው አልኩት። ጀልባው ባለቤት አለው፣ ይመጣል አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መገጠሙን ለወንድምሽ ነገርሽው ወይ አለኝ።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጉሙ ሐይቁን ሸፍኖታል፣ ሰዉ ከነዕቃው ዳር ላይ ይጠብቃል። ቀድሜ ወረድኩና የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። አባዬ መጥቶ ቢያጣው፣ ተንበርክኮ የጋቢናውን ወለል በእጁ ይዳብስ ጀመር። ከመቀመጫው ሥር፣ ከገመዱ መሃል… ጣቶቹ ጫማዬን ነኩ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ አብሬው እፈልጋለሁ! እርጅና መጣ ልጄ፣ ዕቃ መጣል ጀመርኩ፣ ይቅር በይኝ አለኝ። እኔን! ሌላ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ቢሆንም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ የአባትህን ምርቃት ለመቀበል ያብቃህ።

ቁልፉ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው። አባዬ ዛሬ ጠዋት ስደውልለት እንኳ እየፈለገው ነበር።

ታናሽ እህትህ