ተራሽ በአራተኛው ዓመት ነው

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ግማሾቹ ክፍልፋይ መደመር ረስተዋል። የበዓሉን እረፍት በሙሉ ምን ሲሠሩ ከረሙ?

ከሰዓት ስብሰባ ነበር። ወንዶቹ መምህራን እንዲወጡ ተነገራቸው፤ እየተሳሳቁ ወጡ። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ ማለት ነው። እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነውና አላወቅኩም።

ርዕሰ መምህርት ፓንግ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉ። የመውለጃ ተራ። ማን በየትኛው ዓመት እንደምታረግዝ... ስም በስም። በዓመት ሁለት ሴት ብቻ። «ክፍል የሚይዝ ሰው እንዳይጠፋ ነው፣ ለተማሪዎቻችን ስንል ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ማር። ውጭ አጥሩ ላይ ደግሞ መንግሥት የሰቀለው ትልቅ ሥዕል አለ፣ ሦስት ልጆች ያቀፉ እናትና አባት። በየቀኑ በሥሩ ነው የማልፈው።

«መምህርት ታን ገና ባል ስለሌላት በአራተኛው ዓመት አድርገናታል።»

«ባል ካላገኘሁስ?» አልኩ።

«ተራሽን ለሌላ ታውሻለሻ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያናደደኝ እሱ ነው፤ እኔም ሳቅኩ።

ወረቀቱ እየዞረ ተፈረመ። እኔ ጋ ሲደርስ «ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የያዝኩት» አልኩ። ጎኔ የተቀመጠችው ጂንግዌን፣ የኬሚስትሪዋ፣ ጥቁር አቀበለችኝ። አመሰገንኳትና ኪሴ ከተትኩት። ወረቀቱን ሳልፈርም አሳለፍኩ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

እማዬ ስልኳን ቤት ረስታ ሄደች። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ባለው መናፈሻ ከጓደኞቿ ጋር ስፖርት እንደምትሠራ ነበር የነገረችኝ። ላደርስላት ሄድኩ። ስፖርት የሚሠሩት ጋ የለችም። የት ትሆናለች?

ዛፎቹ ሥር፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ትዳር የሚያፈላልጉበት ቦታ አገኘኋት። መሬት ላይ ጃንጥላ በጃንጥላ ነው፤ ተከፍቶ፣ በላዩ የወንድ ወይም የሴት ልጅ ሁኔታ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት። እማዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የሱፍ አበባ ፍሬ ትፈለፍላለች። ፊቷ ያለው ጃንጥላ የኔ ነው፣ አውቶቡስ ላይ ጠፋብኝ ያልኩት ሰማያዊ ጃንጥላ!

አነበብኩት። «ሴት። ሃያ ስምንት ዓመት። ዲፕሎማ ያላት። መምህርት፤ በዓመት ሁለት ረጅም እረፍት። ገር ጠባይ። ወዲያው ትወልዳለች።»

«እማ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ማታ ማታ ልብስ እየሰፋሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ በአንድ ወረቀት ወሰድሽብኝ?»

«ሁለተኛ ዲግሪ ሲሉት ይሸሻሉ፣ ልጄ። ባለፈው ጊዜ ልክሽን ጽፌ አንድም ሰው አልቆመ። አንዷማ ‹ምራት ነው የምፈልገው እንጂ አለቃ አይደለም› ብላኝ ሄደች።»

«ገር ጠባይስ?»

«እሱን እስኪደርሱበት ጊዜ ይወስዳል።»

አጠገቧ ያሉት እናቶች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ዓይኔ የመጨረሻው መስመር ላይ ቀረ። ወዲያው ትወልዳለች... ትምህርት ቤቱ አራት ዓመት ጠብቂ ይለኛል፣ እናቴ ዛሬውኑ ትወልዳለች ብላ ትለጥፈኛለች። ሆዴ የማን ነው? የጠየቀኝ ሰው አለ?

ስልኳን ሰጥቻት በእግሬ ተመለስኩ። ስለ ተራው አልነገርኳትም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ጂንግዌን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስታስመልስ አገኘኋት። ተራዋ ከሚመጣው ዓመት ወዲያ ነው። እሷ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፤ ካገባች ጀምሮ ስትሞክር የኖረች ሴት ናት። «መጣልኝ ዪሹ፣ ሦስት ወር ሞላኝ» አለች አፏን እየጠረገች። ትስቃለች ደግሞ ታለቅሳለች።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ፓንግ ጂንግዌንን አስጠሯት። አብሬያት ገባሁ። ውጪ አላሉኝም፤ እንዲያውም ሻይ ቀዱልኝ።

«ተራ የያዙትን ጓደኞችሽን አስቢያቸው፣ ጂንግዌን። አንቺ ስትቀድሚ አንዷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ነገሩን አስተካክይውና ሁላችንም ሰላም እንሁን።»

«አስተካክይው ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ እኔ።

«መምህርት ታን፣ አንቺን አላነጋገርኩም።»

«እኔ ነኝ የማነጋግርዎ። ቃሉን በግልጽ ይበሉት። ምን ታድርገው?»

ሻዬ ላይ ጨመሩልኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ በሙሉ ሰምቷል። ጂንግዌን እጄን ይዛ ወጣች። «አፍሽን ብትዘጊልኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

ይሻላት ነበር? ሌሊቱን ይሄን ስጠይቅ አደርኩ። አይሻላትም። ብቻዋን ብትሆን ያሸንፏት ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ከሰኞ ጀምሮ እንዳልመጣ ተነገረኝ። ምክንያት፦ «ከባልደረቦቿ ጋር ተግባብታ መሥራት አለመቻል።»

ጂንግዌን «በራሷ ፈቃድ» ለቅቃለች። ወደ ባሏ ወላጆች ገጠር ሄዳለች አሉኝ። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም።

ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ማንም ቀና አላለም። ጥቁር እስክሪብቶዋን ይዤ ወጣሁ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

የሥራ ክርክር የሚሰማው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ትሑት ነው።

«ተራ ተብሎ ሴት ልጅን ማሰለፍ በሕግ ክልክል ነው» አለኝ።

«ክልክል መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ትምህርት ቤቱ ግን አሁን ደውዬ ስጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር ኖሮም አያውቅም ብሏል። የሚመሰክርልሽ ሰው አለ?»

አለ? ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ አሉ። አንድ በአንድ ደወልኩ። የመጨረሻዋ፣ የታሪክ መምህርቷ፣ እውነቱን ነገረችኝ። «ዪሹ፣ ልጄ እዚሁ በነፃ ነው የሚማረው። ሌላ ቦታ በደመወዜ አልችለውም። እባክሽ ሁለተኛ አትደውዪልኝ።»

እሷን መጥላት አቃተኝ። ለተወለደው ልጇ ትምህርት ስትል፣ ላልተወለደው ዝም ትላለች። እንዲህ አድርገው አስረውናል።

ግን አልተውም። ክሴን አስገብቻለሁ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ዛሬ ለእማዬ ነገርኳት። ከመናፈሻው በጨው የተቀቀለ ዳክዬ ገዝታ ደስ ብሏት ነበር የገባችው፤ አንድ መሐንዲስ ልጅ ያላት እናት ቆማ አናግራታለች።

«አፍሽ! አፍሽ ነው የጎዳሽ! ‹መምህርት› የሚለውን ቃል ነው እኮ ሰው ቆሞ የሚያነበው! አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እንደሆነው ጻፊ። የመውለጃ ተራ አልፈርምም ብላ ተባረረች በይ።»

«የምን ተራ?»

ነገርኳት። ዳክዬውን አስቀመጠች። ጎመን ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

«እኛም ፋብሪካ ግድግዳው ላይ ነበር» አለች። «ለክር ክፍል በዓመት ሦስት ልጅ ነበር የሚደርሰው። አባትሽና እኔ ሁለት ዓመት ጠብቀን ነው ያገኘንሽ። አንቺ በተራሽ የመጣሽ ልጅ ነሽ።»

አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ አላውቅም ነበር።

«ከአንቺ በኋላ አንድ ያለ ተራ መጥቶ ነበር።»

«እናስ?»

«እናማ... እንዲወለድ አልፈቀዱም።»

ውሃውን ዘጋች። «ያኔ አትውለዱ ነበር የሚሉን። አሁን ውለዱ ሲሉ ሰልፉ የቀረ መስሎኝ።»

ዳክዬውን ሁለታችንም አልነካነውም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

እማዬ በጠዋት ጃንጥላውን ይዛ ወጣች። እንደ ልማዷ መሰለኝ። ቀትር ላይ ደወለች። «ውኃ ይዘሽልኝ ነይ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

መኪና ያለው ወንድ የተገኘ ቀን እንኳ ጃንጥላዋን የከበበውን ያህል ሰው አይሰበሰብም። ወረቀቱን በራሷ እጅ ነው የጻፈችው፣ በዚያ ተንጋዶ በሚሄደው ፊደሏ። «ልጄ ሠላሳ ዓመቷ ነው። በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ አላት። ትምህርት ቤቷ የመውለጃ ተራ ፈርሚ ሲላት እምቢ ብላ ተባረረች። ዛሬ ባል አልፈልግም። ተራ የተያዘላት ልጅ ያላችሁ አጠገቤ ተቀመጡ።»

አንድ ሽማግሌ እማዬ ላይ ይጮሃሉ። «እት ዉ፣ እዚህ ጋብቻ ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም!»

«ወንድሜ፣ የልጅ ልጅ ለማየት አይደል የሚመጡት? ለልጅዎ የሚያጯት ሴት ተራዋ በአራተኛው ዓመት ቢሆንስ?»

«አራት ዓመት?!» ያለችው እሳቸው አይደሉም፤ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች የወንድ ልጅ እናት ናት። «እኔ በአራት ዓመት ውስጥ በሕይወት ልኑር አልኑር ማን ያውቃል! የትኛው አለቃ ነው የልጄን አልጋ የሚቆጣጠረው?»

የወንዶቹ እናቶች ከሁሉም ብሰው ተቆጡ። የሴቶቹ እናቶች ግን አንድ በአንድ መጥተው ተቀመጡ። የባንክ ሠራተኛ እናት። የነርስ እናት። «የኔዋም ፈርማለች፤ እኔም ፈርሚ ብያታለሁ» አለች የነርሷ እናት፣ ጫማዋን እያየች።

ወጣቶች ፎቶ አነሱ። እማዬ አገጯን ቀና አድርጋ «በደንብ አንሱት፣ ፊደሉ ይታይ» አለቻቸው።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ጂንግዌን ደወለች! ፎቶው ገጠር ድረስ በሰው ስልክ ደርሶ አይታዋለች። «የእናትሽን ጽሑፍ ሳነብ ሆዴ ውስጥ ረገጠኝ» አለች። ክስ ማስገባቴን ስነግራት፦ «መቼ ነው ችሎቱ?»

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ፓንግ ደወሉ። ያው የማር ድምፅ።

«ዪሹ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄን ያህል መራቅ አያስፈልግም ነበር። ክፍልሽ ይጠብቅሻል። ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፣ በስሜት የተናገርኩት ነው ብለሽ አንዲት ወረቀት ትፈርሚልኛለሽ፣ በቃ። እኔም ተራሽን ወደሚመጣው ዓመት አመጣልሻለሁ።»

«ያልነበረውን ተራ?»

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

ሥራ ያስፈልገኛል። የእማዬ ጡረታ ለሁለት ሰው አይበቃም። ለጎረቤት ልጆች ሒሳብ እያስጠናሁ ነው የምውለው። ለአንድ አፍታ... አዎ፣ ለአንድ አፍታ ልቤ ሄዷል። እዚህ ደብተሬ ላይ ካላመንኩት የት ላምን ነው? ግን ለመፈረም እጄ አይሄድም። ቢያንስ የጎረቤት ልጆቹ ክፍልፋይ መደመር ችለዋል።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ችሎቱ ዛሬ ሆነ። ፓንግ ግራጫ ልብስ ለብሰው መጡ። «የወዳጅ ምክር ነበር፣ እንደ ታላቅ እህት» አሉ።

ጂንግዌን ገባች። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ነው በሩን ያለፈው። ማንም ሳይጠይቃት ቆመች። «ታላቅ እህቴ ይሄን አስተካክይው ነው ያሉኝ» አለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። «መምህርት ታን ‹አስተካክይው ማለት ምን ማለት ነው?› ብላ ጠየቀች። እስከ ዛሬ አልመለሱላትም። እዚህ ይመልሱላት።»

የችሎቱ ሰብሳቢ ወደ ፓንግ ዞሩ። ፓንግ ውኃ ጠጡ። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ጠጡ።

ስንወጣ እስክሪብቶዋን መለስኩላት። «ይሄን ይዘሽ ነው ወይ የኖርሽው?» ብላ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ሆዷ መሃላችን ገብቶ መተቃቀፉ አልሆነልንም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ተፈረደልኝ። መባረሬ ሕገ ወጥ ነው፤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ትምህርት ቤቱ ተራውን እንዲያነሳ ታዟል። ጂንግዌንም የራሷን ክስ ጀምራለች፤ አሁን እኔ ነኝ ምስክሯ።

ፓንግ እዚያው ናቸው። መስከረም ላይ በየጠዋቱ እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ። ጮክ ብዬ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ከታሪክ መምህርቷ መልእክት መጣ፦ «ሰሌዳው ባዶ ነው።» ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ማንም ሳያስገድደኝ ከእማዬ ጋር መናፈሻ ሄድኩ። በርጩማውን እኔ ያዝኩ። ዛፎቹ ሥር ቦታ ይዛ ጃንጥላውን ከፈተችና ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ።

«የራስሽን ራስሽ ጻፊ። እኔ ስጽፍ ትቆጫለሽ።»

«ባል እፈልጋለሁ ያለሽ ማነው?»

«አትፈልጊም?»

አሰብኩት። «ከመጣ አናግረዋለሁ። ልጅ ስወልድ ግን ራሴ ነኝ ቀኑን የምወስነው። አልወልድም ካልኩም አልወልድም።»

እማዬ አንድ ፍሬ ፈለፈለች፣ ዋጠች። «ቦታው ይበቃሽ እንደሆን እሱንም ጻፊው።»

ጻፍኩ። ሠላሳ ዓመት። መምህርት። ጠባይ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ እማዬ አንገቷን አስግጋ ታያለች። «ያላመነችበትን አትፈርምም» አልኩ፣ ጻፍኩት። ወረቀቱን በፕላስተር ለጥፈን ሳንጨርስ የሰኔው ዝናብ መጣ። ሁሉም ጃንጥላውን ከመሬት እያነሳ ራሱ ላይ ዘረጋ። በመናፈሻው መንገድ የሰው ልጆች ዕድሜና ደመወዝ፣ ቁመትና ቤት፣ በወላጆቻቸው አናት ላይ ሲሄድ ይታያል። እኛም አነሳነው። ክንዷን ያዝኩ።

«ትምህርቱን ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሁለተኛ ዲግሪ። በሒሳብ። በትልቁ።»

«ቀለሙ ይለቃል?»

«አይለቅም።»

ጃንጥላውን ጽሑፉ ለሚመጡት ሰዎች እንዲታይ ወደ ፊት አዞረችው። «ጥሩ» አለች። «የሚሸሽ ይሽሽ።»